ገዢው ካልጠየቀስ?

ባለፈው የካቲት መጨረሻ፣ ዓለም ገና በምንከራይባት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ መኪናዬን ለመሸጥ ስልኬ ላይ ፎርም እየሞላሁ ነበር። ስሪት፦ ቶዮታ ቪትዝ። ካምቢዮ፦ አውቶማቲክ። ነዳጅ፦ ቤንዚን። ታርጋ፦ ኮድ 2። የሄደችው ኪሎሜትር፣ ዋጋ፣ ፎቶ። ሁሉንም በ5 ደቂቃ ጨረስኩ። የመጨረሻው ሳጥን “ተጨማሪ መግለጫ” ይላል፤ ባዶ ቢተውም ማስታወቂያው ይለቀቃል። እንደ አገሩ ልማድ “በጣም ንጹህ፣ ምንም የማይወጣባት” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ልለቀው ስል እጄ ቆመ።

መኪናዋ ምን እንዳለባት አውቃለሁ። ቴስታታዋ ተከፍቶ ያውቃል። ከዓለም ገና ዓየር ጤና፣ ከዓየር ጤና ሜክሲኮ ስትመላለስ ምንም አትልም። ሰበታ ድረስ ነድቶ ለሚመልሳት ሰውም ምንም አታሳይም። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ግን፣ ዳገቱን ይዛ 40 ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራል። ያኔ ዳር ይዞ መቆም፣ ኮፈኖ ከፍቶ መጠበቅ ነው። መኪና ሊያይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው የሚነዳት። ለ10 ደቂቃ ቪትዜ መልአክ ናት።

ፎርሙ “የምታውቀው ችግር አለባት?” ብሎ አልጠየቀኝም። ገዢውም ላይጠይቀኝ ይችላል። ታዲያ ካልተጠየቅኩ የመናገር ግዴታ አለብኝ?

ጥያቄው ለፍልስፍና ክፍል የተዘጋጀ ይመስላል። ለእኛ ቤት ግን የቆርቆሮ ጥያቄ ነበር። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከከተማው ወጣ ብለን የጀመርናት ቤት ግድግዳዋ ቆሟል፣ ጣሪያዋ ግን አልለበሰም። ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ለማልበስ፣ በርና መስኮት ለማስገጠም መኪናዋን መሸጥ ነበረብን። ችግሯን ብናገርና ባልናገር ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ፣ ሁለት መካኒኮች እንደነገሩኝ፣ ከ100 ሺህ ብር በላይ ነው። በእኛ ሂሳብ ያ ብር የመስኮቶቹ ዋጋ ነው።

*

መኪናዋን የገዛኋት በ2014 ዓ.ም ነው። ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሶፍትዌር ቤት ተቀጥሬ፣ ለሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ይዤ። አባቴ ያን ጊዜ “የቡታጅራው መገንጠያ ጋ ያሉትን ሽማግሌ አናግራቸው” አለኝ። ሽማግሌው ደላላ ናቸው። ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ለሁለት የታጠፈ የተማሪ ደብተር አይጠፋም። ቤት፣ መሬት፣ መኪና፣ የወፍጮ ሞተር ሳይቀር ያሻሽጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

እኔ ሳቅኩ። ደላላ ማለት ለእኔ የሻጩን ዋጋ ከገዢ፣ የገዢውን አቅም ከሻጭ እየደበቀ፣ በመሃል ከሁለቱም ኮሚሽን የሚቆርጥ ሰው ነበር። ገበያውን የሚኖረው በድብቅነቱ ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ቢያውቅ ደላላ ምን ይሠራል? ስለዚህ ሞያዬ እንዳስተማረኝ አደረግኩ። በአንድ ምሽት ከድረ ገጾችና ከቴሌግራም ቻናሎች 60 ያህል ቪትዝ ሰብስቤ በሠንጠረዥ ደረደርኳቸው፤ የተመረተችበት ዓመት፣ ኪሎሜትር፣ ታርጋ፣ ዋጋ። አማካዩን አወጣሁ። ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ ያለች፣ ፎቶዋ የጠራ አንዷን መረጥኩ።

ይህን ለማሾፍ አይደለም የማነሳው። የኦንላይን ገበያ ትልቅ ነገር አድርጎልናል። ድሮ አንድ ከሆሳዕና ወይም ከወሊሶ የመጣ ሰው ቪትዝ ስንት እንደምትሸጥ ለማወቅ ሦስት ቀን ደላላ እየተከተለ ይዞር ነበር፤ የነገሩትንም ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሁን ሻይ እየጠጣ ያውቀዋል። ዋጋን ከጥቂት ሰዎች ኪስ አውጥቶ ለሁሉም ማሳየት በራሱ ፍትሕ ነው።

ግን ያን ምሽት በሠንጠረዤ ላይ የደረደርኩት ዋጋዎችን እንጂ መኪኖችን አልነበረም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሻጩን ጀሞ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ጋ አገኘሁት። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትሁት ልጅ። ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ እንደሚቸኩል ነገረኝ። አንድ የማውቀው መካኒክ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አስነሳት፣ አዳመጣት፣ ዞር ዞር አደረጋት፣ “ጥሩ ናት” አለ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራን። ውል ተዋዋልን፤ ውሉ ላይ “ባለችበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ” የሚል አለ፣ ፈረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ ከአዳማ ስመለስ መብራቱ በራ። መካኒኩ ቴስታታውን ሲያወርደው ጠማማ ሆኖ አገኘው። ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ ፍሳሽ ለጊዜው የሚደፍን ኬሚካል ረግቶ ነበር። ጣቱ ላይ አድርጎ አሳየኝና “ይሄ በራሱ አልገባም” አለኝ።

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቴሌግራም ከፈትኩ፤ በስሙ ቦታ “የተሰረዘ አካውንት” ይላል። ማስታወቂያው ጠፍቷል። ሰውየው የነበረ አይመስልም። አባቴ ብዙም አልተናገረኝም፤ “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል” ብቻ አለኝ።

*

በዚያው ዓመት አንድ ጎረቤታችን በጋሼ በኩል አሮጌ ኮሮላ ገዛ። እሱም ተሸወደ፤ ካምቢዮዋ በሳምንቱ አስቸገረው። ጎረቤቴ ግን የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ከሽማግሌው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሰው መጥቶ “ስለ መኪና ላማክርዎት ነበር” ሲል፣ እሱ ቀስ ብሎ የራሱን ታሪክ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ኮሚሽናቸውን መለሱለት፤ ሻጩንም ወሊሶ ድረስ ሄደው በሽማግሌ አስጠርተው የጥገናውን ግማሽ እንዲከፍል አደረጉ።

ይህን ታሪክ ስናወራ ሁላችንም ደላላውን ለማመስገን እንቸኩላለን። እኔ ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ይመስለኛል። ጋሼ ገንዘቡን የመለሱት ስለ እውነት ብለው ነው ወይስ ነገም እዚያው አግዳሚ ላይ ስለሚቀመጡ? ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ላይ አንድ ባለ ሱቅ ያነሳል። ባለ ሱቁ ሕፃን ልጅ እንኳ ተልኮ ቢመጣ ዋጋ አይጨምርበትም፤ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው። ካንት ይህ ብቻውን ሰውየውን ሐቀኛ አያሰኘውም ይላል፤ ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጋሼም እንደዚያ ባለ ሱቅ ናቸው። በጎነታቸው ከ“ነገ” ጋር የታሰረ ነው።

ቢሆንም “ነገ” ቀላል ነገር አይደለም። በሰፈር ገበያ ሐቀኛ ያልሆነውን ሰው እንኳ ሐቀኛ እንዲመስል የሚያስገድደው ነገ መገናኘት ነው። ዕድሩ፣ ቀብሩ፣ ሰርጉ፣ የሻይ አግዳሚው ሁሉ ነገን የሚያስታውሱ ናቸው። ኦንላይን ላይ ያን ነገ ሰረዝነው። ለእኔ መኪናዋን የሸጠልኝ ልጅ ከጋሼ የባሰ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ነገ የሌለበት ገበያ ላይ ቆሞ ስለነበረ ነው። እንግዲህ የኦንላይን ሻጭና የሰፈር ደላላ ማን ይሻላል የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ደላላው ዘንድ ሐቀኝነቴ ምን ያህሉ የራሴ፣ ምን ያህሉ የፍርሃት እንደሆነ አላውቅም። ስልኬ ላይ ፎርም ስሞላ ግን የሚያየኝ የለም፤ ያለኝ ሁሉ ያኔ ይለካል።

*

አሁን ስለ ፎርሙ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቃ በማሻሻጥ ላይ በተሰማራ አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። የመኪና ማስታወቂያ ፎርሙን ከጻፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ስናወጣው “የሚታወቅ ብልሽት ወይም የደረሰባት አደጋ አለ?” የሚል ጥያቄ ነበረው፤ ሳይመለስ ማለፍ አይቻልም። ብዙ ሻጮች እዚያ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ፎርሙን ጥለው እንደሚወጡ ከመረጃው አየን። ስብሰባ ተደረገ። አንዱ “ጥያቄው ሰው ያሸሻል” አለ፤ ሌላው “ግዴታ አይሁን” አለ። በመጨረሻ ጥያቄው ይውጣ ተባለ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥቂት መስመር ኮድ ነበር። ከምሳ በፊት ጨርሼ ምሳ በላሁ።

የዚያን ቀን የሠራሁት ነገር ምን እንደሆነ አልታየኝም። ሲመስለኝ ምንም አልዋሸሁም፤ አንድም ሐሰት የሆነ ቃል አልጨመርኩም። ግን ሰው መዋሸት ወይም መናገር የነበረበትን ቦታ አንስቼ፣ ሁለቱንም ሳያደርግ የሚያልፍበትን መንገድ ጠረግኩለት። ጥያቄው እያለ የሚደብቅ ሻጭ “የለም” ብሎ መጻፍ ነበረበት። ሲጽፍ ምናልባት እጁ ይቆም ይሆናል። ጥያቄው ከወጣ በኋላ መደበቅ ድካም የሌለው ነገር ሆነ። ይኸው ዘንድሮ እኔም ሻጭ ሆኜ ያን መንገድ አገኘሁት።

*

“አለመናገር መደበቅ አይደለም” የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው “ስለ ግዴታዎች” በተሰኘው መጽሐፍ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የሮድስ ደሴት ሰዎች ተርበዋል፤ እህል እሳት ሆኗል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን በዓይኑ አይቷል። ለገዢዎቹ መናገር አለበት ወይስ ዝም ብሎ በተወደደው ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን “ሐሰት እስካልተናገረ ድረስ ዝም ማለት መብቱ ነው” ይላል፤ ተማሪው የነበረው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ደግሞ “ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሊያውቅ ይገባል” ይላል። ሲሴሮ ራሱ በመጨረሻ ወደ አንቲጳጥሮስ ያዘነብላል።

ዲዮጋን በእኛ አገር ብዙ ደቀ መዝሙር አለው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እንላለን። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ገዢ ዓይኑን እንዲገልጥ ይመክራል። ግን ልብ በሉ፣ ምክሩ ለገዢ ነው። እኛ ቀስ በቀስ ለሻጭ ፈቃድ አደረግነው። “ካልጠረጠረ የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ” ስንል፣ ቤቱን ሳይቆልፍ ያደረ ሰው ስለተዘናጋ ሌባው ነጻ ነው እንደማለት ነው። የገዢው ስንፍና የገዢው ጥፋት ነው፤ የእኔን ጥፋት ግን አይሸፍንልኝም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ገዢም የተረከበውን እንዲመረምር ይፈልጋል። ዋስትናን የሚያስቀር ቃል ውሉ ውስጥ ቢገባ እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ቃሉ አያድነውም። እኔ የፈረምኩባት “ባለችበት ሁኔታ” የምትል ሐረግ የሻጩ መሸሸጊያ መስላኝ ኖራለች፤ ሕጉ ዘንድ ግን ኬሚካል የጨመረ እጅ ከሐረግ ጀርባ አይደበቅም። ችግሩ ያን እጅ ፈልጎ ፍርድ ቤት ማቅረቡ ላይ ነው።

ለእኔ ግን ነገሩን የቆረጠልኝ ከሕጉ ይልቅ ዋጋው ነው። “ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም” ማለት የምችለው በእርግጥ ዝም ብዬ ከሆነ ነው። ዋጋ ስጽፍ ግን ተናግሬያለሁ። ለቪትዜ የጤነኛ ቪትዝ ዋጋ ስጠይቅላት “ይቺ ጤነኛ ናት” ማለቴ ነው፤ ገዢውም የሚሰማው ይህንኑ ነው። ሚሊዮን ምናምን ብር ብሎ ጮኾ ከተናገረ በኋላ ስለ ቴስታታ ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ያለው እውነቱን ብቻ መርጦ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ከእስልምና ትውፊት አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። ነቢዩ ሙሐመድ ገበያ ውስጥ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ታዲያ የረጠበውን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት። ታሪኩን ሳስበው የሚገርመኝ አትሽጠው አለመባሉ ነው። የረጠበ እህልም ገዢ አለው። የተጠየቀው እርጥቡ ከላይ እንዲሆን ብቻ ነው።

*

እሺ፣ “እኔም እንዲሁ ተሸውጄ ነው የገዛኋት” የሚለውስ? ይህን ክርክር ለራሴ ሌሊት ሌሊት ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። ባለቤቴም አንድ ማታ “አንተን ማን ነገረህ?” ብላኛለች። በክፋት አይደለም፤ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ሕፃን ይዞ ስለመግባት እያሰበች ነው። የተሸወደ ሰው ኪሳራውን ለሚቀጥለው ቢያስተላልፍ እኩል የወጣ ይመስላል። ግን የሸወደኝ ልጅና አሁን የሚገዛኝ ሰው አንድ አይደሉም። የተበደርኩት ከአንዱ፣ የምከፍለው ለሌላው፤ ይህ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

ከዚህም ሌላ፣ ዛሬ አገራችን ውስጥ ይህ ክርክር ይበልጥ አደገኛ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪኖች እየገቡ ነው፤ ይሁን እንጂ የቤንዚኖቹ ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ቁጥር በአብዛኛው እዚሁ ያለው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ መኪና መሄጃ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ማስቀመጫም ሆኗል። እነዚሁ መኪኖች ከእኔ ወደ አንተ፣ ከአንቺ ወደ እሱ ይዞራሉ። የደበቅነው ብልሽትም አብሮ ይዞራል። የእኔ ቴስታታ ከዓለም ገና ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ ቡራዩ ሄዶ አንድ ቀን ለአጎቴ ልጅ ሊሸጥለት ይችላል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ አሳይቷል። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ግን ኖቤል አሸለመው። አሜሪካኖች የማትረባ መኪና “ሎሚ” ይሏታል። ገዢ ሎሚዋን ከደህናዋ መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ መካከለኛ ነው። መካከለኛው ዋጋ ደህና መኪና ላለው ሰው ኪሳራ ስለሆነ መኪናውን ከገበያ ያወጣል፤ ሎሚዎቹ ይቀራሉ፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ቀጥሎ ደህና የሆነው ይወጣል። የአንዱ መደበቅ ለገዛው ሰው ብቻ የሚደርስ በደል አይደለም ማለት ነው። መኪናው ደህና የሆነ፣ እውነቱን የሚናገር ሻጭም በእሱ ምክንያት አይታመንም።

*

ነገሩን ላሳጥረው። “በጣም ንጹህ” የሚለውን አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ “ቴስታታዋ ተከፍቷል። ከተማ ውስጥ ችግር የለባትም። ረጅም ዳገት ላይ ከ40 ደቂቃ በኋላ ትሞቃለች። የጋራዥ ወረቀቱ አለ።” ዋጋውን ከገበያው 120 ሺህ ብር ዝቅ አደረግኩ።

ለ11 ቀን የደወለ ገዢ የለም። የደወሉት ደላሎች ናቸው፤ “ወንድሜ፣ እቺን ጽሑፍ አጥፋትና እኔ በሦስት ቀን ልሽጥልህ” ይላሉ። ጋሼ እንኳ ሰምተው አስጠሩኝ። “አንተ ልጅ፣ እውነት መናገር ጥሩ ነው፤ ግን በር ላይ ሰቅለህ ማን ይገባልሃል? መጀመሪያ ይምጣ፣ ይይ፣ ይውደድ፤ ከዚያ ትነግረዋለህ” አሉኝ። ሳስበው ምክራቸው መጥፎ አልነበረም። ፊት ለፊት ለተገናኘ ሰው ይሠራል። እኔ ግን ራሴን ስለማውቅ ፈራሁ፤ ሰውየው ወዶ፣ ገንዘብ ቆጥሮ ሲቀርብ አፌ የሚከፈት አልመሰለኝም።

በ19ኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል፣ የመኪና ነገር የሚያውቅ። ጽሑፉን አንብቦ ነው የመጣው። ወረቀቱን አየ፣ ራዲያተሩን ከፈተ፣ ሌላ 15 ሺህ አስቀነሰኝና ገዛት። “እንዳንተ ያለ ሻጭ አላየሁም” ብሎ ጨበጠኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከባለቤቴ ጋር ግን ያን ማታ ብዙም አላወራንም።

በግንቦት ልጃችን ተወለደች። በዚያው ወር አንድ ሌሊት ሕፃኗን አቅፌ ስልኬን ስነካካ መኪናዬን አየኋት። የኋላ ፓራውልቷ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ። “ንጹህ ቪትዝ፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ አስቸኳይ ሽያጭ።” ዋጋው የጤነኛ ቪትዝ ዋጋ ነው፤ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል።

ጠዋት ደወልኩለት። አወቀኝ፤ አላፈረም። “እኔ ስገዛት ጠይቄ፣ ከፍቼ፣ አይቼ ነው የገዛኋት። እሱም ይጠይቅ፣ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ” አለኝ። “ካልጠየቀስ?” አልኩት። “ገዢው ካልጠየቀ እኔ ምን ላድርግ?” ብሎ ዘጋው።

ስለዚህ የእኔ እውነት ያስገኘው ለዚህ ሰው የ135 ሺህ ብር ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ቀን አብሰልስሎኛል። ቢሆንም ካሰብኩበት በኋላ ባልናገር ይሻል ነበር ወደሚል አልደረስኩም። ለእሱ የሚገባውን ነግሬዋለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ዕዳ የእሱ ነው። የተረዳሁት ሌላ ነገር ነው፦ እውነትን ለሰው ከነገሩት ከሰውየው ጋር ይሄዳል፣ ከመኪናዋ ጋር አይሄድም። ከመኪናዋ ጋር የሚሄድ ወረቀት፣ በሻንሲ ቁጥሯ ሥር የሚቀመጥ የጥገና ታሪክ ቢኖር ኖሮ ያን ቃል መጻፍ አይችልም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር መሥራት ደግሞ የእኔና የመሰሎቼ ሞያ ነው። እኛ ግን እስካሁን የሠራነው ጥያቄ ማውጣት ነው።

ማስታወቂያው ሥር “ቴስታታዋ ተከፍቷል፣ ጠይቁ” ብዬ አስተያየት ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ፤ እኔም ከቻናሉ ተባረርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መገንጠያው ወረድኩ። ጋሼ አግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡና “ታርጋዋን ንገረኝ” አሉኝ። ነገርኳቸው። ምራቃቸውን እንትፍ ባሉበት ጣታቸው ገጹን ገልጠው በእርሳስ ጻፉት፤ ከጎኑ “ቴስታታ” ብለው አሰመሩበት። የጻፉትን ገዢ ሊያስጠነቅቁበት ይሁን ዋጋ ሊያስቀንሱበት፣ አልጠየቅኳቸውም። ሻዬን ጠጥቼ ወደ ቤቱ ሥራ ሄድኩ። ጣሪያው ለብሷል። ሁለቱ መስኮቶች አሁንም በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው።